ለሸረሪት የተተከለ ችካል

እኔ ስጨነቅ ሆዴ ይጮኻል። ሌላው ሰው ሲጨነቅ ጥፍሩን ይበላል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ ጸሎት ያበዛል፤ የእኔ ሆድ ግን ዳገት ላይ እንደተለኮሰ ባጃጅ ይነሳል። ቦንጋ በምማርበት ክፍል ፈተና ሲጀመር ከጎኔ የሚቀመጡት ልጆች «ኧረ ማርሽ ቀይሪ!» ይሉኛል። ይበሉኝ። ዛሬ የማወጋችሁ ሆዴ ሞተሩን ሳያጠፋ ስለሰነበተበት ጉዳይ ነው። እናንተም ስታነቡ ትንሽ ካልተጨነቃችሁ እኔ መጻፍ አልችልም ማለት ነው። መጻፍ እንደምችል ደግሞ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደርሼበታለሁ፤ ስለዚህ ተጨነቁ።

ነገሩ የተጀመረው በሩዝ ነው። ሩዝ ስላችሁ ሰርግ ላይ ከካሮት ጋር የሚቀርበውን አይደለም፤ ገና እግሩን ውሃ ውስጥ ነክሮ የቆመውን ነው። ቤታችን ከሺሺንዳ ወጣ ብሎ፣ ከመኪና መንገዱ ቁልቁል ነው። ከጓሯችን በታች ጨፌ አለ፤ እንቁራሪት ከማስጮህና ቦቲ ጫማ ከእግር ከመንጠቅ በቀር ለማንም ጠቅሞ አያውቅም። ዘንድሮ አባዬ እዚያ ላይ ሩዝ ዘራበት። በሰፈራችን የመጀመሪያው ስለሆነ ሰዉ ሁሉ አስተያየት ሰጪ ሆነ። «ታደሰ ጨፌውን ሾርባ ሊያደርገው ነው» አሉ። አባዬ ለአንዳቸውም አልመለሰም። ለእማዬ ብቻ፣ «ይኼ ካልያዘልኝ ሁለተኛ አዲስ ነገር አልሞክርም፤ ጨፌውን ለእንቁራሪቶቹ አስረክባለሁ» አላት። አባዬ ደግሞ ካለ አለ ነው። አንዴ ከባጃጅ ወድቆ «ሁለተኛ አልሳፈርም» ካለ ወዲህ እስከ ዛሬ ገበያ የሚሄደው በእግሩ ነው፤ ዝናብም ቢሆን፣ ሸክምም ቢኖር፣ ባለ ባጃጁ «በነጻ ልውሰድዎት» ቢለውም።

ለክረምት ዕረፍት ከቦንጋ ስመጣ ቦርሳዬን እንኳ ሳላወርድ ወደ ማሳው ይዞኝ ወረደ። አራስ ቤት እንደገባ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እይው» አለኝ። አየሁት። አረንጓዴ ነው። ጫፍ ጫፉ ላይ ግን ቢጫ ነው። እጄን ወደ ቅጠሉ ስሰድ ከሰሊጥ ፍሬ ብዙም የማይበልጡ አረንጓዴ ነገሮች፣ የጋለ ብረት ምጣድ ላይ እንዳለ ቆሎ ጠስ ጠስ እያሉ ዘለሉ። አባዬም አያቸው። ፊቱ ላይ የነበረው ደስታ ሁሉ እዚያው ውሃው ውስጥ ወደቀ።

«ተባይ ነው» አለ። «ቅጠሉን እየመጠጠው ነው። መርጫ እዋሳለሁ፤ ነገ እረጨዋለሁ።»

እዚህ ላይ ዝም ብል ኖሮ እናንተም አሁን ሌላ ነገር እያነበባችሁ ነበር። ግን የባዮሎጂ ቲቸራችን ያስተማረን ትዝ አለኝ። ተባይ ሁሉ የሚበላው ጠላት አለው። መርዝ ስትረጩ መጀመሪያ የሚያልቀው ይኸው የተባዩ ጠላት፣ የእናንተ ወዳጅ ነው። ተባዩ ግን ተመልሶ ይፈለፈላል፤ ያን ጊዜ የሚበላው የለም። ሩዝ ማሳ ውስጥ ደግሞ ከሁሉ የሚበረታው በላተኛ ሸረሪት ነው ብሎናል።

«አባዬ፣ አትርጨው።»

«ታዲያ ልለምነው?»

«ሸረሪት እናሰማራበታለን።»

አባዬ ወደ እኔ ዞረ። «ቦንጋ የላክሁሽ ይህን እንድትማሪ ነው?»

«አዎ!» አልኩ፣ ደስ ብሎኝ። አሽሙር መሆኑ የገባኝ ቤት ከደረስን በኋላ ነው።

እራት ላይ እማዬም ገባችበት። «ለመሆኑ ሸረሪቷ ደመወዟ ስንት ነው? የቤት አበልስ አላት?» አለች። እኔ ግን ለመንኩ፣ አስረዳሁ፣ በእጄ ሸረሪት እየሆንኩ ሰሐኑ ላይ ሄድኩ፣ በመጨረሻም ትንሽ አለቀስኩ። (ይህኛው ዘዴ በባዮሎጂ መጽሐፋችን ውስጥ የለም፤ ግን ይሠራል።)

«እሺ፣ እስከ ቅዳሜ» አለ አባዬ። «ቅዳሜ እወርዳለሁ። ሸረሪትሽ ስትሠራ በዓይኔ ካየሁ ተውኩት። ካላየሁ መርጫው ጀርባዬ ላይ ነው።»

«እስከዚያ ግን እንዳትወርድ። ትረብሻቸዋለህ።»

«ብወርድስ ልቤ መቼ ይችለዋል» አለ፣ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ።

ሆዴ ተለኮሰ። አስቡት እንግዲህ። የአባቴን ሩዝ ከመርጫ አፍ አውጥቼ ሸረሪት አፍ ላይ አስቀመጥኩት። ሸረሪት ደግሞ ቃል አትገባም።

ሸረሪት ከየት ይመጣል? እኛ ዘንድ ይህ ጥያቄ አይደለም፤ ከእንሰት ነው። የእንሰት ቅጠል ሲደርቅ ኮባው ግንዱን ታቅፎ ይንጠለጠላል፤ እዚያ ውስጥ ያለው የሸረሪት ሕዝብ የራሱ ቀበሌ ቢሰጠው አይበዛበትም። ዕቅዴ ቀላል ነበር። ደረቁን ኮባ ከነነዋሪው እቆርጣለሁ፣ ትንንሽ እስር አድርጌ ማሳው ውስጥ እንጨት ላይ እሰቅለዋለሁ። ሸረሪቶቹ ሲርባቸው ወርደው ይበላሉ፤ ሲጠግቡ ወጥተው ይተኛሉ። ቤቱ ከነሥራው! የትኛው የመንግሥት ሠራተኛ እንዲህ ተመቻችቶለት ያውቃል? ልዩነቱ፣ የእኔዎቹ የተዛወሩት ዝውውር ሳይጠይቁ ነው።

ችግሩ እማዬ ኮባዋን ትወዳለች። ዕቃ ታስርበታለች፣ ቅቤ ትጠቀልልበታለች፣ ምንም ባታደርግበት እንኳ እዚያው ተንጠልጥሎ እንዲታያት ትፈልጋለች።

«እንሰቴን ማነው የገፈፈው?» የሚል ጩኸት ከጓሮ መጣ።

«ለአባዬ ሩዝ ነው፣ እማዬ!»

«ራቁቱን አቁመሽው? ሰው ሲያይ ይኼ ቤት ሴት የለውም ወይ አይልም?» ወደ እኔ ስትመጣ ደግሞ ቀጥ ብላ ቆመች። «አንቺ ልጅ፣ ራስሽ ላይ ምንድነው የሚሄደው?»

«ሠራተኛ ናት፤ እንዳትነኪያት!»

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። እኔ አንበሳ ይታሰርልኝ አላልኩም፤ የሰሊጥ ፍሬ የምታክል ነገር ብቻ ትያዝልኝ ነው ያልኩት። ይህም በዛ?

ረቡዕ በጠዋት ወረድኩ። ቀርከሃ ፈልጬ በሩዙ መሃል ተከልኩ፤ በየእንጨቱ ላይ የኮባ እስር አሰርኩ። ገመድ ሲያልቅብኝ ቀይ ፌስታል ቀድጄ ቀጠልኩ። ቀይ የሆነው ሌላ ፌስታል ስላልነበረ ነው፤ በኋላ ይህን ያመነኝ የለም። ከዚያ ሳይንስ ያለ ቁጥር አይሆንም ብዬ በየእንጨቱ ላይ በማርከር ቁጥር ጻፍኩ። ሰባተኛው ላይ ስደርስ ፀሐይ ብቅ አለች፤ አንዲት ሸረሪት ከኮባው ወርዳ፣ ከአንዱ የሩዝ ቅጠል ወደ ሌላው ድር ስትዘረጋ አየሁ። ደስታዬን የምነግረው ሰው ስላልነበረ ከሰባት ቁጥር ጎን አበባ ሳልኩ። የሚስቅ አበባ።

ዳገቱ ላይ ወጥቼ ስመለከተው ጨፌው ከዳር እስከ ዳር ቀይ በታሰረባቸው፣ ቁጥር ባላቸው እንጨቶች ቀጥ ብሎ ተሰምሮበታል። ያምራል! የሠለጠነ ይመስላል! ሌላ አገር ያለ ሰው ይህን ቢያይ «ምንድነው?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። እኛ አገር ግን ቁጥር ያለውና ቀይ የታሰረበት እንጨት ሰው ማሳ ላይ ቆሞ ሲታይ የሚጠይቅ የለም። ሁሉም ምን እንደሆነ ያውቃል። እኔ ብቻ ነኝ ያላወቅሁት።

ሐሙስና ዓርብ ቤት ቁጭ ብዬ ተጨነቅሁ። ዝናብ ሲዘንብ ሸረሪት ዋና ትችላለች? ብትራብ እርስ በርስ ትበላላ ይሆን? አገሬ ናፈቀኝ ብላ ሌሊቱን ወደ እንሰቷ ብትመለስስ? ኩበት ላይ እንደተቀመጠች ዶሮ ስቁነጠነጥ ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች በበራችን አለፈች። ማሳዋ ከእኛ ሩዝ ጋር ድንበርተኛ ነው። በራሷ ላይ የቡና ችግኝ የሞላ ቅርጫት ተሸክማለች።

«አባትሽን ሰው መጥቶ አነጋግሮታል?» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ስለ ምን፣ እትዬ?»

«ኧረ ምንም!» ብላ ወደ ጨፌው ወረደች።

ቡና ይዞ ወደ ጨፌ የሚወርድ ሰው ስታዩ ምን ትላላችሁ? እኔ ምንም አላልኩም። ጭንቀቴ ሁሉ ሸረሪት ላይ ነበር።

ቅዳሜ ከእማዬ ጋር ሺሺንዳ ገበያ ወጣን። ጨው ተራ ጋ ሳንደርስ ወሬው እኛ ጋ ደረሰ።

«ጨፌው ተለካ፣ ሰማችሁ?» አለች አንዷ ነጋዴ።

«የቱ ጨፌ?» አለች እማዬ።

«የእነ ታደሰ ሰፈር ነዋ! መሐንዲሶች በመኪና መጥተው የብረት ችካል ተክለው ሄዱ።»

እማዬ የያዘችውን ዘንቢል ለቀቀችው። እኔማ! ሸረሪቶቼ ገና ሥራ ሳይለምዱ ሊፈናቀሉ ነው! የአባዬ ሩዝ፣ ያ ሁሉ ድካሙ! ዕንባዬ መጣ። ሰው ከበበን፤ ሁሉም የየራሱን ይጨምርልን ጀመር። መንገድ ሊያልፍበት ነው ያለ ነበር። ሌላው «የምን መንገድ፤ የአውሮፕላን ማረፊያ ነው» አለ። በመሃል የእማዬ ስልክ ጮኸ፤ ዋጫ ከተማ ያለው አጎቴ ነው። ሰላምታም አላበዛም፤ «ካሳው መቼ ነው የሚሰጠው?» ብሎ ጠየቀ። ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር ይባላል፤ የእኛ ሰው ግን መላውን ትቶ ወሬውን ነው የሚጨምረው።

«ሁላችሁም አታውቁትም» አለች ከከበበን ሰው መሃል አንዲት ጨው ሻጭ በእርጋታ። «የአበባ እርሻ ነው። ባለሀብቱ ራሱ ሰባተኛው ችካል ላይ አበባውን ስሎበታል። የባሌ ወንድም በዓይኑ አይቶታል።»

ሆዴ ጸጥ አለ። ከስንት ቀን በኋላ ሞተሩ ቀጥ አለ፤ እሱም ደንግጦ መሰለኝ።

«አበባው...» አልኩ፣ «ምን ዓይነት ነው?»

«ዓይንና አፍ አለው፤ ይስቃል። የውጭ አገር ዝርያ ነው የሚሆነው።»

እማዬ ዞር ብላ አየችኝ። እናት ልጇን ታውቃለች። የደብተሬን ሽፋን ሁሉ የሚሞላው ያ አበባ ነው። «አንቺ!» አለች። ከዚያ በኋላ ያለችውን አልጽፈውም፤ ገበያ መሃል ነበርን። እኔ ቁልቁል ሮጥኩ።

ጨፌው ዳር ስደርስ የሰፈሩ ሰው ግማሹ እዚያ ነው። የእትዬ ዘነበች የቡና ችግኞች እስከ ጉልበታቸው ውሃ ውስጥ ቆመው ይንቀጠቀጣሉ። ካሳ ለሚቆጥረው ኮሚቴ መሆኑ ነው፤ በባዶ ጨፌና በቡና ማሳ መካከል ልዩነት አለ። ሌላው ጎረቤት ደግሞ አጥር ጀምሯል። ከሁሉም የከፋው ግን አባዬ ነው። መርጫውን ሞልቶ፣ አዝሎ፣ ሩዙ ውስጥ ቆሟል።

«አባዬ፣ ምን እያደረግህ ነው?»

«ኮሚቴው ሳይደርስ ተባዩን ላጥፋው እንጂ» አለ፤ ድምፁ ተሰብሯል። «ካልቀረ መወሰዱ፣ ቢጫ ሩዝ ማን ሰብል ብሎ ይቆጥርልኛል?»

ይኸውላችሁ። ሩዙን ከመርጫ ላድን የተከልኩት እንጨት መርጫውን ጠርቶ አመጣው።

አፌን ልከፍት ስል የቀበሌው ሊቀመንበር ጋሽ ገብሬ በሞተር ብስክሌት ደረሱ። ፊታቸው ሰርግ እንዳልተጠራ ዘመድ ተኮሳትሯል። «እኔ ሳላውቅ ማነው የለካው?» አሉ። «ከዞን ነው ከወረዳ? ፕሮሰሱን ጠብቆ ደብዳቤ ይዞ አይመጣም? ቢሮዬ ተዘግቶ ያውቃል?»

 እጄ ሳልልከው ተነሳ፣ ክፍል ውስጥ እንዳለሁ።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ።»

«ምኑን ነሽ?»

«የተከልኩት። አልለካሁም። ለሸረሪት ነው።»

ጋሽ ገብሬ ጆሯቸውን አቀረቡ።

«ለማን?»

«ለሸረሪት፣ ጋሼ። ሩዙ ላይ ያለውን ተባይ እንድትበላ። ኮባው ቤቷ ነው።»

«ኮባው ቁጥሩ በዝናብ እንዳይጠፋ አይደለም?» አለ አጥር ጀማሪው፣ ቅር ብሎት።

«ቁጥሩስ ለምንድነው?» አሉ ጋሽ ገብሬ።

«ለሳይንስ።»

«አበባውስ?»

«ደስ ብሎኝ።»

እትዬ ዘነበች ጠጋ ብላ ክንዴን ያዘች። «ልጄ፣ አስፈራርተውሽ ከሆነ ንገሪን። የእኔ ቤት ሸረሪት ችካል ጠይቃኝ አታውቅም። ጣራው ይበቃታል።»

ሰው ሳቀ፤ ግን ያመነኝ አልነበረም። ባለሀብት ይሻላቸዋል። ባለሀብት ቢያንስ ካሳ ይከፍላል፤ ሸረሪት ምን ትከፍላለች? አባዬ ብቻ አልሳቀም። መርጫውን እንደተሸከመ ችካሎቹን አንድ በአንድ አያቸው፤ ከዚያ እኔን አየኝ።

«ቅዳሜ ነው» አለ። «ስትሠራ አሳዪኝ።»

ሰባተኛው ችካል ዙሪያ ሁላችንም ቁጢጥ አልን። ጋሽ ገብሬ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው ከፊት ሆኑ። ሆዴ እንደገና ተነስቷል፤ እትዬ ዘነበች «ዝም አስብዪው፣ ሸረሪቷ ትደነግጣለች» አለችኝ። ጠበቅን። ኮባው አልተነቃነቀም። እግራችን ደነዘዘ። የአባዬ እጅ የመርጫው ማንሻ ላይ ነው። በልቤ «ውጪ፣ እባክሽ ውጪ፤ ደመወዝም ቢሆን እከፍላለሁ» አልኩ። ያን ጊዜ አንዲት ቡናማ ሸረሪት ከኮባው እጥፋት ብቅ አለች። ቆመች። ከዚያ ዘላ አንድ ነገር ያዘች።

«ያዘች!» ብለው ጮኹ ጋሽ ገብሬ። «ተባይ ያዘች!»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። አባዬም። «ነው ወይ?» አለኝ።

አዎ ብል አለቀ። ሩዙ ይድናል፣ እኔም እከብራለሁ፣ ሊቀመንበሩም መስክረውልኛል። ግን የያዘችው ዝንብ ነበር። ተራ ዝንብ። አባዬ በልፋቱ የሚወራረድልኝ ቃሌን አምኖ ነው፤ በዝንብ ልሸጠው?

«አይደለም» አልኩ፣ ለራሴም በማይሰማ ድምፅ። «ዝንብ ናት። ሩዝ አትነካም።»

አባዬ ብድግ ብሎ የመርጫውን ማንገቻ አጠበቀ።

በዚህ ጊዜ የእትዬ ዘነበች ትዕግሥት አለቀ። «ቡናዬን ውሃ ውስጥ ያስተከልሽኝ ለዝንብ ነው?» ብላ ችካሉን በሁለት እጇ ይዛ ነቀነቀችው። ኮባው ተበተነ። እኔ አንድ ቤተሰብ የሚኖርበት መስሎኝ ነበር፤ አገር ነው የወጣው! ሸረሪት በሸረሪት ላይ፣ በሩዙ ላይ፣ በሰዉ ላይ። ጋሽ ገብሬ «እናቴ!» ብለው ወደ ኋላ ሲዘሉ ውሃው ውስጥ ቁጭ አሉ። አጥር ጀማሪው በራሱ አጥር ላይ ዘሎ ሄደ። በዚያ ሩጫ የተረገጠው ሩዝ ሁሉ የተሸከመውን ተባይ ወደ ላይ በተነው፤ አረንጓዴው ነገር እንደ ካፊያ ዘነበብን።

እኔ ዓይኔን በእጄ ሸፍኜ ነበር። ስገልጠው ውሃው ውስጥ ከተቀመጡት ከጋሽ ገብሬ በቀር ሁሉም ወደ ዳር ወጥቷል፤ አባዬ ብቻ ማሳው መሃል ቆሟል። በአንድ እግሩ። ሊሸሽ ቀኝ እግሩን አንስቶ፣ እንዳነሳው ቀርቷል። እንደ ውሃ ዳር ወፍ ይወዛወዛል፤ ጀርባው ላይ መርጫው ይንቦጫቦጫል። አንገቱን ደፍቶ ጉልበቱን ያያል።

ቀስ ብዬ ቀረብኩ። ጉልበቱ ላይ፣ ሱሪው እጥፋት ላይ፣ ቡናማዋ ተቀምጣለች። ከአፏ ስር አንዲት አረንጓዴ፣ ከሰሊጥ ፍሬ ብዙም የማትበልጥ ነገር እግሯን ታወራጫለች።

«ይቺ ናት?» አለኝ በሹክሹክታ።

«እሷ ናት።»

«የትኛዋ ናት የእኛ?»

«ከላይ ያለችው።»

«አቶ ታደሰ፣ ምን ሆኑ?» አሉ ጋሽ ገብሬ ከውሃው ውስጥ ሆነው።

«ዝም በሉ እስቲ!» አለ አባዬ። ሊቀመንበር ዝም ሲባሉ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ አንድ እጁን ትከሻዬ ላይ ጣለና፣ «ይኼን ነገር ከጀርባዬ አውርጅልኝ፤ ከበደኝ» አለ። መርጫውን አወረድኩለት። እትዬ ዘነበች ቀሚሷን ሰብስባ ተመልሳ መጣች፤ ጎንበስ ብላ አየች፤ ምንም አላለችም፤ እሷ ዝም ማለቷም ራሱን የቻለ ምስክርነት ነው። የአባዬ እግር መንቀጥቀጥ ጀመረ። እኔ ደግሞ ጨነቀኝ፤ ቢወድቅስ? ሸረሪቷ ብትደነግጥና ጥላው ብትሄድስ?

«ጨረሰች?» አለኝ።

«ገና ናት፣ አባዬ።»

«ታዲያ ማን ያጣድፋታል» አለ፣ እግሩን ትንሽ ከፍ አድርጎ። «ትብላ።»